ሚስ ትሬቮሮ ለእሳት አደጋው አለቃ የጻፉት ላቲን

እኔ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ። ዊል ሜሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከፖስታ ቤቱ ጎን ባለችው ሱቄ ቁልፍ እቀርጻለሁ፣ የጫማ ተረከዝ እቀይራለሁ፣ የእግር ኳስና ቦውልስ የሚባለው ሣር ላይ ኳስ የማንከባለል ጨዋታ ዋንጫ ላይ ስም እጽፋለሁ። ግሌኒስ ሮዳ እባላለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚችው መስኮት ሥር ተቀምጬ የሰው ስጦታ ላይ ፊደል ስቆፍር ኖሬአለሁ። ስለ ራሴ ይህ ይበቃል፤ ላወራ የተነሣሁት ስለ ሚስ ትሬቮሮ ነው።

ሚስ ሜርል ትሬቮሮ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በዚህች ከተማ ጸጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው ሁሉ ተማሪያቸው ነበር፣ እኔም ጭምር። እንግሊዝኛና ታሪክ አስተምረውናል፤ ልባቸው ግን ላቲን ላይ ነበር። ትምህርት ቤቱ ላቲን ማስተማር ያቆመው እኔ ከመግባቴ በፊት ነው። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ አላመኑትም፤ ትናንት የተዘጋ፣ ነገ የሚከፈት ይመስላቸዋል። ጡረታ ወጥተው ቤት ሲውሉ ሰው አላስቀምጥ አሉ። የጎረቤቱን ድመት በላቲን መጥራት ሲጀምሩ ነገሩ አሳሰበኝና ደንበኞቼን እላክላቸው ጀመር።

ምክንያት ነበረኝ። ለሚስቱ «እወድሻለሁ» ብሎ የብር ሳህን ላይ ማስቀረጽ የሚደፍር ወንድ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አልገጠመኝም። በላቲን ከሆነ ግን ይደፍራል። ሱቄ ገብቶ ቁልፎቹን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ ግራና ቀኝ አይቶ፣ «ግሌኒስ፣ ይቺን ነገር በላቲን ማድረግ ይቻል ይሆን?» ይለኛል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔም «ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሚስ ትሬቮሮ ቤት ሂድ፤ አንድ ማሰሮ ማርማላታ ያዝ» እለዋለሁ። ማርማላታው ክፍያቸው ነው። የከተማውን ሁሉ ማርማላታ ቀምሰው ደረጃ አውጥተውለታል። የቄሱ ሚስት መጨረሻ ነው የወጣችው፤ እሷም ታውቃለች፤ ሰላምታቸው ከዚያ ወዲህ ቀዝቅዟል።

አሠራራቸው የራሳቸው ነው። ደንበኛው የጻፈውን ወረቀት አያነቡትም። አጥፈው ከስኳር ዕቃው ሥር ያስቀምጡትና «ለማን ነው? ምን አደረገልህ?» ይላሉ። ከዚያ ሰውየውን ማስለፍለፍ ነው። ሲለፈልፍ፣ ሲያፍር፣ አንዳንዱም ሲያለቅስ ይሰማሉ። በመጨረሻ ወረቀቱን አውጥተው ያዩትና ሦስት አራተኛውን በእርሳስ ይሰርዙታል። አንድ ጊዜ ኔቭ ቦሊቶ የሚባል ዓሣ አጥማጅ «አርባ ዓመት ሙሉ ዓሣ ማጥመዴን፣ ጠረኔንና ማንኮራፋቴን ለቻለችው ውድ ባለቤቴ» የሚል ይዞ ሄደ። ይዞ የወጣው አንድ ቃል ነው፤ «ቻለችው» የሚል። ኔቭ ተናድዶ ወደ ሱቄ መጣ።

«አንድ ቃል ብቻ? የሰጠኋቸው ማርማላታ እኮ ሙሉ ማሰሮ ነው» አለኝ።

«ቆጥረህ የምትገዛው ምስማር መሰለህ? ለሚስትህ ስጣትና የምትለውን ስማ» አልኩት።

ሚስቱ የቃሉን ትርጉም ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ አለቀሰች፤ ቀጥሎም እንደገና ሳቀች። ሳህኗን ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅላታለች። ኔቭ ከዚያ ወዲህ ሚስ ትሬቮሮ ደጃፍ ላይ በየሳምንቱ ዓሣ ያስቀምጣል፤ በነጻ።

ማክሰኞ ማክሰኞ እኔም ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ። የተመረጡት ቃላት በዕቃው ላይ ይበቁ አይበቁ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኛ። ላቲን አላውቅም፤ ስለዚህ አንድ ጥብቅ ሕግ አለኝ። ደንበኛው ላቲኑንና ትርጉሙን በአንድ ወረቀት ላይ አይቶ ሳይፈርም አንዲት ፊደል አልነካም። በዚህ ሕግ ቀልድ የለም። የገዛ እህቴን እንኳ አስፈርሜአለሁ።

ይህን ሕግ ያፈረስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያፈረሱብኝ ሚስ ትሬቮሮ ናቸው፤ የፈረሰውም በዴስ ሆኪንግ ምክንያት ነው።

ዴስ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ቡድናችን አለቃ ነበር፤ አርባ አንድ ዓመት። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከአፉ ቃል የማይወጣው ሰው። ባለፈው ሚያዝያ የእሳቱ ወቅት ሲያበቃ በቃኝ አለ። በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ካራቫን ገዝቶ ከሚስቱ ጋር አገሩን ሊዞር ተነሣ። አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ሁለት፤ ሊነሣ የቆረጠውም ሐሙስ ቀን ነው። ምክትሉ ጋርዝ ኪቶ ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሱቄ ገብቶ አሮጌ የነሐስ ቱቦ አፍ ባንኮኒዬ ላይ ዱብ አደረገ።

«ቀስ በል፣ መስተዋቱን ልትሰብረው ነው። ምንድን ነው ይሄ?»

«የመጀመሪያዋ መኪናችን የውሃ ቱቦ አፍ ነው። ዴስ ሥራ የጀመረው በዚህ ነው። እንጨት ላይ አቁመን ልንሰጠው ነው። ላቲን ጻፊበት።»

«ምን ብዬ?»

«‹በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ መኪናውን አንድም ቀን አጥቦ አያውቅም› ብለሽ።»

«እውነት ነው?»

«አንድ ቀን አጥቧል። ያን ቀን ዘነበ።»

«ምናለ ለአንድ ቀን እንኳ ደግ ነገር ብትሉት?»

ጋርዝ እንደ ሞኝ አየኝ። «ግሌኒስ፣ የከተማው ምክር ቤት ምስክር ወረቀት የሰጠው ጊዜ የት ነበርሽ? የምክር ቤቱ ሰው ‹ጀግናችን› ብሎ ማንበብ ከመጀመሩ ዴስ በወጥ ቤቱ በር ወጥቶ ሄደ። ወረቀቱን ኬክ ሥር ነው ያገኘነው። አሁንም እንዲያ ብናደርገው ካራቫኑን ይዞ በዚያው ይቀራል። እኛ የምንወደውን ሰው እንሰድባለን፤ እሱም ያውቃል።»

ልክ ነበር። ማክሰኞ ጋርዝ ማርማላታውን ይዞ፣ እኔም ቱቦውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ሚስ ትሬቮሮ ወጥ ቤት ተቀመጥን። ጋርዝ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ልጆች ድሯል፤ እሳቸው ፊት ግን ቀጥ ብሎ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ወረቀቱን ከስኳሩ ሥር አስገቡና «ምን አደረገላችሁ?» አሉት።

«ምንም። ይቆጥረናል።»

«እንዴት ነው የሚቆጥራችሁ?»

«እሳት አጥፍተን ስንጨርስ፣ መኪናው ሳይነሣ፣ ይዞረንና የያንዳንዳችንን የራስ ቁር በእጁ መታ መታ እያደረገ ይቆጥራል። ቁጥሩ ልክ ካልመጣ መኪናው አይነቃነቅም። አንድ ጊዜ አሥር ሆነን ሄደን አሥራ አንድ ቆጠረ። ‹አሥራ አንደኛው ማነው?› እያለ ግማሽ ሰዓት በጭሱ ውስጥ አቆመን። በኋላ አንድ ገበሬ የኛን ቁር አድርጎ መሐላችን ቆሞ ተገኘ። ሰው እንዴት ትርፍ ሰው ያስጨንቀዋል?» ጋርዝ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። «አርባ አንድ ዓመት ነው ሚስ። ጫካው ሁሉ ሲነድ፣ ነፋሱ ሲገለበጥ፣ ሌላ ቦታ ሰው ሲያልቅ። ከኛ አንድ ሰው አልጎደለም።»

ሚስ ትሬቮሮ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ። ለመሸኛው ምሳ ይደርሳል» አሉት። ጋርዝ ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሞልኝ ሄደ። ላቲኑ ገና ስላልተጻፈ በኋላ እሞላዋለሁ ብዬ ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሠራሁት የመጀመሪያው ስሕተት ይህ ነው።

በሩ ሲዘጋ እሳቸው ቱቦውን ከፎጣው አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ግሌኒስ፣ እኔ የመኪና ማጠብ ነገር አልጽፍም።»

«ደንበኛው የፈለገው እሱን ነው እኮ ሚስ።»

«አውቃለሁ። ዴስ የመጨረሻው የላቲን ክፍሌ ተማሪ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸው ፊት ማንም አያነሣውም እንጂ። ዴስ አሥራ አራት ዓመቱ ሳለ በላቲን ክፍለ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ሚስ ትሬቮሮ ያኔ ወጣት፣ አዲስ፣ ኩሩ አስተማሪ ናቸው። አንድ ቀን ሲያንጎላጅ ያዙትና በተማሪ ሁሉ ፊት «ሆኪንግ፣ መጽሐፉን ዝጋና ውጣ። ይህ ቋንቋ ላንተ አይሆንም፤ እንጨት ሥራ ክፍል ሂድ» አሉት። ዘግቶ ወጣ። አልተመለሰም። አባቱ ሳንባውን ታሞ ተኝቶ ስለነበር ልጁ በሌሊት ተነሥቶ ላሞቹን አልቦ ነበር ትምህርት ቤት የሚመጣው። ይህን እሳቸው የሰሙት ዓመት ቆይቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዴስ እሳቸውን ሲያይ ቆቡን አንሥቶ «ሚስ» ይላል፣ ወደ ማዶም ይሻገራል። ክፉ አልተናገራቸውም። ከእጃቸው ግን ምንም አይቀበልም። አንድ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ባዛር ላይ ኬክ ጋግረው ሊሰጡት ቢቆሙ የቄሱን ሚስት ኬክ ገዝቶ አለፈ። የእሷን ኬክ የሚገዛ ሰው ደግሞ በጣም ቆርጦ የተነሣ መሆን አለበት።

«ይቅርታ በይው ብዬ ለራሴ ስል ሃምሳ ዓመት አለፈ» አሉኝ። «ባየሁት ቁጥር ስለ ዝናብ አወራለሁ። እሱ በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ይሄዳል። ሲመለስ እኔ ልኑር አልኑር አላውቅም። ለዚያ ልጅ የከለከልኩትን ነገር ሦስት ቃል ያህል እንኳ ልመልስለት። ሦስት ቃል ብቻ ግሌኒስ።»

«ሲያነቡለት ምስጋና መሆኑን ካወቀ እንደ ልማዱ ወጥቶ ይሄዳል። ስጦታውንም ጥሎት ነው የሚሄደው።»

«በላቲን አነበዋለሁ። ትርጉሙን ሲጠይቁኝ የመኪናውን ነገር እነግራቸዋለሁ።»

«ይዋሻሉ?»

«እዋሻለሁ።»

እኚህ ሴትዮ የቤት ሥራዬን ከጓደኛዬ ስለገለበጥሁ አንድ ሳምንት ጥግ ያቆሙኝ ሴትዮ ናቸው። ተናደድኩ፤ አልደብቅም። «ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁትን ስም ሊያበላሹብኝ ነው፤ ጋርዝ የፈረመውም ሌላ ነው» አልኩ። «ጋርዝ የፈረመው ባዶ ወረቀት ነው» አሉኝ። ይሄንን መቼ አዩት? ዓይናቸው እንደ ድሮው ነው። በመጨረሻ «እሺ፣ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅሁ።

እርሳሱን አንሥተው ጻፉት፤ ኦምኔስ ዶሙም ሬዱክሲት። «ሁሉንም ወደ ቤት መለሰ» አሉኝ።

ወረቀቱን ወስጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው ንዴቴ የበረደው።

የቱቦ አፍ ክብ ስለሆነ ማሽኑ አይሠራበትም፤ በእጅ ነው። ነሐሱን በአሸዋ በተሞላ የቆዳ ትራስ ላይ አስተኝቼ፣ ነጭ ቀለም ቀብቼ፣ ፊደሎቹን በእርሳስ ነደፍኩ። ከዚያ በመቅረጫው ቀስ እያልኩ፣ ቱቦውን እንጂ እጄን ሳላዞር፣ ሁለት ቀን ሠራሁ። የዴስ እጅ ብዙ ዓመት የያዘው ነሐስ ስለሆነ በአንድ በኩል ለስልሶ ነበር፤ ጽሑፉን እዚያው ላይ አደረግሁት። ከሠራኋቸው ሁሉ ያማረው እሱ ነው፤ ይህንን ስል አላፍርም።

የዴስ መሸኛ ምሳ እሑድ ቀን በቦውልስ ክለቡ ነበር። ስልሳ ሰው ያህል ተሰብስቧል፤ ቋሊማው ይጠበሳል፤ ጠረጴዛው በሰላጣና በፓቭሎቫ ኬክ ተሞልቷል። የቡድኑ ልጆች ተራ በተራ እየተነሡ ዴስን ሰደቡት። አንዱ ዴስ የሚያፈላው ሻይ ከእሳቱ ይልቅ ሰው ሊገድል እንደነበር ተናገረ። ሌላው ዴስ ካርታ ገልብጦ አንብቦ፣ በእሳቱ ፋንታ የሰው መዋኛ ገንዳ ላይ ውሃ እንዳስረጫቸው አወራ። ዴስ እጁን አጣምሮ እየሳቀ ይሰማል፤ እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ከዚያ ጋርዝ ቱቦውን አወጣና «ይሄ ደግሞ በላቲን ነው፣ እንዳይገባህ ብለን። ሚስ ትሬቮሮ ያንብቡልን» አለ።

ሚስ ትሬቮሮ ተነሡ። የዴስ ፈገግታ ጠፋ። እሳቸው ቱቦውን ይዘው፣ በዚያ በክፍል ድምፃቸው፣ ሦስቱን ቃላት አነበቡ። ስልሳ ሰው ሳያውቀው ወገቡን አቀና። እኔም አቀናሁ።

«ምን ማለት ነው ሚስ?» አለ ጋርዝ፤ ትርጉሙን የሚያውቅ መስሎት ከአሁኑ እየሳቀ።

«‹በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ መኪናውን አንድም ቀን አጥቦ አያውቅም።›» ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። እንዲህ መዋሸት ከቻሉ ሲያስተምሩን ምን ምን ብለውን ይሆን ብዬ አሰብኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዴስም ሳቀ፤ «አንድ ቀን አጥቤ ነበር» አለ፤ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ያን ቀን ዘነበ» አለው። ቱቦውን ከሚስ ትሬቮሮ እጅ ተቀበለ። «አመሰግናለሁ ሚስ» አለ፣ ዓይናቸውን ሳያይ። ወደ ቦታው ሲመለስ ግን ጣቱን ፊደሎቹ ላይ አሳለፈ። ከንፈሩ ተነቃነቀ። ልማዱ ነው፤ ሲቆጥር ነው እንዲያ የሚያደርገው። ሦስት ቃል። ቀና ብሎ ሚስ ትሬቮሮን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። እኔ ፓቭሎቫ እየበላሁ ነበር፤ ማንኪያው አፌ ላይ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ቱቦው በብብቱ ሥር ነው።

«ግሌኒስ፣ መኪናው የቱ ጋ ነው?»

«የምን መኪና?»

«አርባ አንድ ዓመት፣ መኪና፣ ማጠብ፣ አንድ ቀን። ይህ ሁሉ በሦስት ቃል ገባ?»

«ላቲን አጭር ነው።»

«ተይ።» ቱቦውን ባንኮኒው ላይ አቆመው። «ሰው ሳይፈርም አትቀርጪም፤ ስለዚህ ታውቂዋለሽ። ምን ይላል?»

መዋሸት ለኔ አይሆንልኝም፤ እሳቸው ናቸው የሚችሉበት። «የጻፉትን ሴትዮ ጠይቃቸው» አልኩት። ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ተመለከተ።

«አብረን እንሂድ» አለኝ።

«አንተ? እሳት ውስጥ ስትገባ የኖርክ ሰውዬ?»

«እሳት ‹መጽሐፉን ዝጋና ውጣ› ብሎኝ አያውቅም» አለ ዴስ።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለዚያ ቀን ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ሱቄን እንኳ ሳልዘጋ ተከተልኩት።

ሚስ ትሬቮሮ በሩን ከፍተው ሲያዩት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ዴስ ቆቡን አወለቀ፤ ጫማውንም ጠረገ፤ ከዚያ ገባ። ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ አቆመና «ሚስ፣ ይሄ የሚለውን ይንገሩኝ» አለ።

«አልነግርህም» አሉት።

እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ከመደርደሪያው ወፍራሙን መዝገበ ቃላት አውጥተው ፊቱ ዘረጉለት። «ራስህ አውጣው። ጊዜ አለን። እዚህ የሚያስቸኩልህ የለም።»

መነጽሩን መኪናው ውስጥ ትቶት ስለመጣ የኔን ሰጠሁት፤ ቀይ ነው፣ ጎንና ጎኑ ላይ አበባ አለው። ማንም አልሳቀም። ያ የእንጨት ፍልጥ የሚያክል ጣቱ በቀጭኑ ገጽ ላይ ወረደ፣ ወጣ፣ ቆመ። «ሁሉም» አለ። «ሁሉንም።» ሚስ ትሬቮሮ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ወረቀት ፈልጎ ጻፈው። ሁለተኛው ቶሎ ተገኘለት፤ «ቤት። ወደ ቤት።» ሦስተኛው ብዙ አስለፋው። ሁለት ጊዜ አለፈው፤ አንድ ጊዜ ተሳስቶ ሌላ ቃል ላይ ቆመ፤ ሚስ ትሬቮሮ ሊያግዙት ብለው እጃቸውን ዘረጉና ራሳቸው መልሰው ሰበሰቡት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲመታ እንኳ ቀና አላለም።

«መልሶ አመጣ» አለ በመጨረሻ። «መለሰ።»

ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ በራሱ ድምፅ አነበባቸው። «ሁሉንም ወደ ቤት መለሰ።»

የጓሮው በር ከበስተኋላው ክፍት ነበር። ሚስ ትሬቮሮም እኔም በሩን አየነው፤ ለመውጣት ሦስት እርምጃ ይበቃዋል። ዴስ መነጽሬን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። አልተነሣም።

«ጋርዝ ያውቃል?» አለ።

«አያውቅም» አልኩ።

«እንዳይሰማ።»

«ዴስመንድ» አሉ ሚስ ትሬቮሮ። በሙሉ ስሙ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። «ያን ቀን በድዬሃለሁ። አባትህ መታመሙን አላውቅም ነበር፤ ባውቅም ባላውቅም በደል ነው። ሃምሳ ዓመት ሳልነግርህ መቅረቴ ደግሞ ሌላ በደል ነው። ይቅር በለኝ።»

«እንጨት ሥራው እኮ አልከፋም ሚስ። ጥሩ ጠረጴዛ እሠራለሁ።»

«አውቃለሁ። ጋርዝ ቤት ያለውን አይቻለሁ።»

«አንዱ እግሩ አጭር ነው እሱ።» ቱቦውን ትንሽ ወደ ራሱ አዞረው። ወደ መስኮቱ እያየ ተናገረ። «ግን እወደው ነበር። ላቲኑን። ጠዋት ጠዋት ላሞቹን ሳልብ የቃል ጥናቱን የማነበንበው ለነሱ ነበር። ከክፍሉ ከወጣሁ በኋላም ትንሽ ጊዜ ቀጥዬ ነበር፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የሚነግረኝ ሰው ስለሌለ ተውኩት።»

ሚስ ትሬቮሮ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ እንባቸው ጣታቸው ላይ ሲወርድ ሊጠርጉት እንኳ አልሞከሩም። እኔም የማየው ስላጣሁ የማርማላታውን ማሰሮ አየሁ።

ዴስ ወረቀቱን ገለበጠና በባዶው በኩል ፊታቸው አስቀመጠው። እርሳሱንም ጎኑ ላይ አደረገላቸው።

«ሌላ የለም?» አለ።

«የምን ሌላ?»

«ሌላ የማወጣው። እስከ ሐሙስ አለሁ።»

ሚስ ትሬቮሮ ተነሥተው ወንበራቸውን ጎትተው ከጎኑ አስጠጉ። አንድ መስመር ጻፉለት፤ አሰቡና ከሥሩ ሁለተኛ ጨመሩበት። ዴስ መነጽሬን መልሶ አደረገ፤ ጣቱም ገጹ ላይ መውረድ ጀመረ። እኔ ሱቄን ክፍት ትቼው ስለመጣሁ ብድግ ብዬ ደህና ዋሉ አልኩ። ሁለቱም አልሰሙኝም።